አምፖሉ አልነበረም፦ ከዚራ ያለ የአንድ አሮጌ ራዲዮ ጉዳይ

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ባለ ቲዩብ ራዲዮ ያለበት ቤት ገብታችሁ «ለምን አይሠራም?» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «አምፖሉ አልቋል፤ አሁን አይገኝም።» አምፖል የሚሉት ቲዩቡን ነው፤ ራዲዮው ውስጥ ሞቆ የሚሠራውን የመስታወት ክፍል። ከዚያ በኋላ ራዲዮው ቡፌ ላይ ይቀመጣል። ዳንቴል ይለብሳል። የቤተሰብ ፎቶ ይደገፍበታል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ለምን እንደማልቀበለው በአንድ ራዲዮ ላሳያችሁ።

ራዲዮው ያለው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ነው። የገዙት አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ በባቡር ተጭኖ የሚያርፈው ድሬ ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጅቡቲ ቅርብ ናት። ስለዚህ በድሬ የድሮ ቤቶች ውስጥ የአውሮፓ ራዲዮ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ይኸኛውም አውሮፓ ሠራሽ ነው። ሳጥኑ እንጨት ነው። መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ ይይዛል። ኤፍኤም የለውም።

የጠራኝ የቤቱ ልጅ ነው። የጠራኝ ግን ለጥገና አልነበረም። አንድ ሰው ውስጡን አውጥቶ ብሉቱዝ ስፒከር ሊገጥምለት ተስማምተዋል። «አንተ እንዲህ ዓይነት ነገር ትወዳለህ፤ ውስጡን ውሰደው» አለኝ። ሣጥኑ ይቀራል፣ ልቡ ይወጣል ማለት ነው። ይህ ነገር አሁን በየቦታው እየተለመደ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ብሉቱዝ ስፒከር የትም ይገኛል፤ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ወርዶ መግዛት ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ራዲዮ ግን አንዴ ከተዘረገፈ ተመልሶ አይገጠምም።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እማማን ላናግራቸው» አልኩት።

እማማ ራዲዮው የቆመበትን ማታ ጥርት አድርገው ያስታውሳሉ። «ድምፁ መጀመሪያ ተበላሸ። ሰውየው ሲያወራ ቃሉ አይለይም። ከዚያ አነሰ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከኋላ ዞሬ ሳይ አንዱ አምፖል ቀልቷል። ሌሎቹ እንደወትሯቸው ናቸው። ስፒናውን ነቀልኩት።» እማማ ያን ማታ ስፒናውን ባይነቅሉ ኖሮ ውድ የሆነው ትራንስፎርመር ይቃጠል ነበር። ራዲዮውን ያተረፉት እሳቸው ናቸው።

የሰፈሩ ጠጋኝ መጥቶ አየው። «አምፖሉ ተቃጥሏል» አለ። ቤተሰቡ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ነግረው አዲስ ቲዩብ አስላኩ። ተገጠመ። ራዲዮው ተከፈተ።

«እና አዲሱስ?» አልኩት ልጁን።

«አቦ፣ እሱም ቀላ! ደቂቃም አልቆየ።»

ከዚያ ወዲህ ራዲዮው «አምፖል ይበላል» ተባለ። ተዘጋ። ተቀመጠ።

ለእኔ ግን ጉዳዩ ግማሽ በግማሽ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ቲዩብ ቀላ። አዲሱም ቀላ። ሁለት ቲዩብ አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ካደረጉ ጥፋቱ የቲዩቡ አይደለም። የቦታው ነው።

የቀላው ቲዩብ ኢኤል84 ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው፣ ዘጠኝ እግር ያለው፣ ስፒከሩን የሚያስጮኸው የመጨረሻው ቲዩብ። ውስጡ ካቶድ አለ፤ ሲሞቅ ኤሌክትሮን ይለቃል። ዙሪያውን አኖድ አለ፤ ወደ 250 ቮልት የሚደርስ ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት ኤሌክትሮኑን ይስባል። በመካከላቸው ግሪድ የሚባል ቀጭን የሽቦ ጥልፍ አለ። ግሪዱ የቧንቧ መክፈቻ ነው። ከካቶዱ አንጻር ወደ 7 ቮልት ያህል ኔጌቲቭ ሆኖ ሲቀመጥ ፍሰቱን በልኩ ይይዛል። ወደ ፖዘቲቭ ከሄደ ቧንቧው ወለል ብሎ ይከፈታል። አኖዱ መሸከም የሚችለው 12 ዋት ሙቀት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ብረቱ ራሱ ይቀላል። እማማ ያዩት ይህንን ነው።

ታዲያ ግሪዱን ወደ ፖዘቲቭ የሚገፋው ምንድን ነው? ከፊቱ ካለው ቲዩብ ድምፁን የሚያሻግርለት አንድ ትንሽ ካፓሲተር አለ። ሥራው የድምፁን ምልክት ማሳለፍ ነው። የቀደመው ቲዩብ አኖድ ላይ ያለውን 100 ቮልት ገደማ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ግን ማገድ አለበት። ማገዱን ሲተው፣ ያ ቮልት ሾልኮ ግሪዱ ላይ ያርፋል። ራዲዮውን ከመክፈቴ በፊት የጠረጠርኩት እሱን ነው።

ልጁን አንድ ነገር ለመንኩት። ውስጡን ከማስወጣቱ በፊት ለእኔ ጊዜ እንዲሰጠኝ። እማማ ከጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሮ «ስጠው፤ ይውሰደው» አሉ። በዚያው አለቀ።

አንድ ልማድ አለኝ፤ አሮጌ ራዲዮ ሲመጣልኝ ሶኬት ላይ አልሰካም። ብዙ ሰው «እስኪ ይሠራ እንደሆን ልየው» ብሎ ይሰካዋል። ራዲዮን ከዕድሜ ይልቅ የሚገድለው ያች «እስኪ ልየው» ናት። የኤሌክትሪኩን እርግብግብ የሚያለሰልሰው፣ ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው ካፓሲተር ዓመታት ተቀምጦ በድንገት ከ250 ቮልት በላይ ሲገባበት ሾርት ይሆናል፤ ይዞ የሚሄደውም ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን ማስተካከያ ቲዩብ ወይም ትራንስፎርመሩን ነው።

ስለዚህ የኋላውን ካርቶን በካቻቢቴ ፈትቼ በስልክ ፎቶ አነሣሁ። ከላይም ከታችም፣ እያንዳንዱን ጥግ። የድሬ አቧራ ቀላል አይደለም፤ ክፍሎቹ የተተከሉበት የብረት መደብ፣ ሻሲው ላይ ተጋግሮ ነበር። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አነሣሁት። ቲዩቦቹን ስነካ ተጠነቀቅሁ። መስታወቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል፤ ጽሑፉ ከሄደ የትኛው ቲዩብ የት እንደሚገባ ማወቅ ከባድ ይሆናል።

ውስጡ ስድስት ቲዩብ አለ። ኢሲኤች81 ጣቢያውን ይቀበልና ድግግሞሹን ይቀይራል። ኢኤፍ89 ያጎላዋል። ኢቢሲ81 ድምፁን ከሞገዱ ይለያል። ኢኤል84ን አውቀነዋል። ኢዜድ80 የትራንስፎርመሩን ኤሲ ወደ ዲሲ ያስተካክላል። ስድስተኛው ኢኤም80 ነው፤ ጣቢያው በደንብ ሲያዝ የሚሰፋው አረንጓዴ ዐይን።

መብራት ሳይነካው በቴስተር የሚለካውን ሁሉ ለካሁ። የመብራት ትራንስፎርመሩ ሽቦ አልተቆረጠም፤ ከሻሲው ጋርም አልተገናኘም። የስፒከሩ ትራንስፎርመር 500 ኦም ገደማ አሳየ፤ ደህና ነው። ይህን ሳይ ደስ አለኝ። ያን መጠምጠም የሚችል ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። የስፒከሩ ወረቀት ትንሽ ተቀዷል፤ በስስ ወረቀትና በነጭ ኮላ ተለጠፈ። የስድስቱም ቲዩብ ማሞቂያ ሽቦ አልተበጠሰም። የመብራት ገመዱ ጎማ ግን ስነካው ተፈረፈረ፤ እሱን ወዲያው ቀየርኩት።

ከዚያ ሻሲውን ገለበጥኩ። ካፓሲተሮቹ ከሥር ናቸው። ወረቀትና ፎይል አብሮ ተጠቅልሎ፣ በሬንጅ ተሸፍኖ የተሠሩ ናቸው። በዚያ ዘመን የነበረው እሱ ነው። ወረቀት በጊዜ ብዛት እርጥበት ይስባል፣ ኤሌክትሪክ ማገዱን ይተዋል። ሬንጁ ደግሞ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ እርጥበቱን ያስገባል። ከራዲዮው የራሱ ሙቀት ላይ የድሬን ሙቀት ጨምሩበት። አንዳንዶቹ ሬንጃቸው ወርዶ ከሥራቸው ጠብታ ሠርቷል።

የጠረጠርኩትን ካፓሲተር አንድ እግሩን ነቅዬ በቴስተሩ ኦም ለካሁት። ደህና ነው አለ። ይህን ልብ በሉልኝ። ጠጋኙም ለክቶት ከሆነ «ደህና ነው» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ቴስተር ኦም ሲለካ የሚጠቀመው የባትሪውን ጥቂት ቮልት ነው። የሚሾልክ የወረቀት ካፓሲተር ደግሞ በጥቂት ቮልት ዝም ይላል፤ የሚናገረው ከፍ ባለ ቮልት ነው።

ስለዚህ በከፍተኛ ቮልት ፈተንኩት። 200 ቮልት ዲሲ በካፓሲተሩ አሳልፌ በሌላኛው ጫፍ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጌ ያዝኩ። ደህና ካፓሲተር ቢሆን ንባቡ ለአፍታ ዘልሎ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ይኸኛው 150 ላይ ወጥቶ ቆመ። አልወረደም። የቴስተሬ የውስጥ መከላከያ 10 ሜጋ ኦም ነው፤ በሱ ሲሰላ የካፓሲተሩ መከላከያ ወደ 3 ሜጋ ኦም ወርዷል። በራዲዮው ውስጥ ይህ ማለት ኔጌቲቭ መሆን የሚገባው ግሪድ ላይ ከ15 ቮልት በላይ ፖዘቲቭ ይገባል ማለት ነው። የትኛውም ኢኤል84 ቢገጠም ይቀላል። ከውጭ የመጣውም፣ ሌላ አሥር ቢመጣም።

(200 ቮልት ዲሲ ሰው ይገድላል። ይህን ሙከራ ያልሠለጠነ ሰው አይሞክረው። ራዲዮው ራሱም ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ቮልት ይይዛል። ካፓሲተሩ በሬዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በሚገታ ክፍል፣ ሳይራገፍና ባዶ መሆኑ በቴስተር ሳይረጋገጥ እጃችሁ ከሥር አይግባ።)

አንዱ ይህን ካደረገ ወንድሞቹም አይታመኑም። በሬንጅ የተሸፈኑትን ሁሉ አወጣኋቸው። ምትክ ከየት ይመጣል? ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ግን ባለ ጎባጣ መስታወት የድሮ ቴሌቪዥን የሚጣልበት ዘመን ነው። በነዚያ ቴሌቪዥኖች ቦርድ ላይ 400 እና 630 ቮልት የሚችሉ የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተሮች ሞልተዋል። ፊልም ካፓሲተር እንደ ወረቀቱ አያረጅም። ነቅዬ፣ አንድ በአንድ በ200 ቮልት ፈትኜ፣ ልኩ የገጠመውን ተጠቀምኩ። ግሪዱ ላይ የሚገባውን ግን አዲስ አደረግሁት። እሱ ላይ ቁጠባ አያስፈልግም።

ኤሌክትሮሊቲኮቹን ከቴሌቪዥን አልወሰድኩም። እነሱ ውስጣቸው ፈሳሽ ስላለ ይደርቃሉ፤ ያገለገለ አይገዛም። አዲስ 47 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት ከአዲስ አበባ ሰው አመጣልኝ። «ትልቅ ባደርገው እርግብግቡ ይጠፋል» ብሎ 220 ማይክሮፋራድ የሚያስገባ አለ። አታድርጉት። ኢዜድ80 የሚችለው እስከ 50 ማይክሮፋራድ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ገና ሲከፈት የሚስበው ኤሌክትሪክ ማስተካከያ ቲዩቡን ይጎዳል። ያኔ እውነትም አምፖሉ ይቃጠላል። የድሮውን የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ግን ከሻሲው ላይ አልነቀልኩም። ሽቦውን አላቅቄ አዲሶቹን ከሥር ደበቅኋቸው። ከላይ ሲታይ ራዲዮው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

ሬዚስተሮቹም ያረጃሉ፤ ከካርቦን የተሠሩት ብዙ ጊዜ ልካቸው ወደ ላይ ይሄዳል። ከተጻፈባቸው ከ20 በመቶ በላይ የራቁትን ቀየርኩ። የኢኤል84 ካቶድ ላይ ያለው 150 ኦም ሬዚስተር ግን ያን ሁሉ ተሸክሞ ልኩን አልሳተም። እዚያው ተውኩት።

አሁን መብራት ማስገባት ይቻላል። እሱም ቢሆን በቀጥታ አይደለም። 60 ዋት የድሮ ባለ ሽቦ የቤት አምፖል ከራዲዮው ጋር በተከታታይ አሰርኩ። ኤልኢዲ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ራዲዮው ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ኤሌክትሪኩን እሱ ይበላዋል፤ ራዲዮው ይተርፋል። ከሌለ ደብዘዝ ይላል። መጀመሪያ ያለ ቲዩብ፣ ትራንስፎርመሩን ብቻ። አምፖሉ አልበራም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ከማስተካከያው በቀር ሁሉንም ቲዩቦች። ማሞቂያዎቻቸው ፍንትው አሉ። በመጨረሻ ኢዜድ80ን አስገባሁ። አምፖሉ ትንሽ ደመቀ፣ ተመለሰ።

የገጠምኩት ኢኤል84 አዲሱን አልነበረም። እማማ ሲቀላ ያዩትን አሮጌውን ነው። ጉዳዩ መፈተን የነበረበት በሱ ነው።

ተከታታዩን አምፖል አውጥቼ በሙሉ ቮልት ከፈትኩት። አኖዱን እያየሁ ጠበቅኩ። ጥቁር እንደሆነ ቆየ። ግሪዱ ላይ ለካሁ፦ ዜሮ። ካቶዱ ላይ ለካሁ፦ 7 ቮልት ገደማ። ግሪዱ ከካቶዱ በ7 ቮልት ያህል ኔጌቲቭ ሆኗል ማለት ነው። የካቶዱ 7 ቮልት በ150 ኦም ሲካፈል ወደ 47 ሚሊ አምፔር ይመጣል። ለኢኤል84 ጤናማ ልክ ነው። ብዙ ዓመት «ተቃጥሏል» ሲባል የኖረው ቲዩብ ሥራውን እየሠራ ነው።

የቀረው ሥራ ብዙም አያስቸግርም። የድምፁ መዘውሪያ ሲዞር ይንኮሻኮሽ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ፈታው። የጣቢያ መርፌውን የሚጎትተው ክር ተበጥሷል፤ የተጎነጎነ የዓሣ ማጥመጃ ክር አስገባሁ። ነጠላው ናይለን በሙቀት ይለጠጣል፣ መርፌው ቦታውን ይስታል። የሳጥኑ ስስ ልጣጭ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተነሥቶ ነበር። እሱን የሠራው አናጢ ነው። ኮላ አግብቶ፣ ጨቁኖ አሳደረው። ሳጥኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አዲስ ቫርኒሽ ሊቀባው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ከለከልኩ። የእማማ ባለቤት እጅ ያረፈበት ቦታ ላይ የቀለሙ ማለቅ ይታያል። እሱን ማጥፋት የእኔ ድርሻ አይደለም።

ኢኤም80 ብቻ ነው በዕድሜ የተጎዳው። ዐይኑ ይሠራል፣ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ አረንጓዴው ግን ፈዟል። የሚያበራው ዱቄት በአገልግሎት ብዛት ይዳከማል። ቀን በብርሃን አይታይም፤ ማታ መብራት ሲቀነስ ይታያል። ከስድስት ቲዩብ ዕድሜ የተሰማው አንድ እሱ ነው፤ እሱም ድምፁ ላይ የሚያመጣው ነገር የለም።

ወደ ቤት ስንመልሰው አዲስ ችግር ገጠመን፤ ራዲዮው የፈጠረው ግን አልነበረም። መካከለኛ ሞገድ ላይ ድምፁን የሚሸፍን ጩኸት ነበር። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ሳሎን ያለውን የስልክ ቻርጀር ነቀልነው፤ ጩኸቱ ቀነሰ። ኤልኢዲ መብራቱን አጠፋነው፤ ደግሞ ቀነሰ። እነዚህ ዕቃዎች ውስጣቸው በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ሰርኪት አለ፤ እሱ ራሱ እንደ ትንሽ ጣቢያ ያሰራጫል። ራዲዮው ሲሠራ እነሱ አልነበሩም። ጣሪያው ላይ አሥር ሜትር ያህል ሽቦ ዘርግተን አንቴና ሠራንለት። ሽቦው ከቤቱ ዕቃዎች ራቅ ሲል ጣቢያው ከጩኸቱ በላይ ሆነ።

ቀን ላይ ብዙ አይያዝም። ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀን መካከለኛውን ሞገድ የሚውጠው የታችኛው የአየር ንጣፍ ማታ ይጠፋል፤ ሞገዱ ከላይኛው ንጣፍ ተንጸባርቆ ሩቅ ይሄዳል። ከቀይ ባሕር ማዶ የዐረብኛ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ሞሉ። አጭር ሞገድ ላይም በ31 እና በ25 ሜትር አካባቢ ብዙ ድምፅ አለ። እማማ «የጀርመን ድምፅ እዚህ ነበር» ብለው መስታወቱን ነኩ። ባለቤታቸው በየማታው የሚሰሙት እሱን ነበር። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ የዚህ ራዲዮ ዕድሜ ይደርሳል።

ልጁ ያኔ ነው ስለ ብሉቱዙ ያነሣው። «እንዲያው ሁለቱንም ማድረግ አይቻልም?» አለኝ። ይቻላል። የዚህ ራዲዮ ጀርባ ለሸክላ ማጫወቻ የተተወ መግቢያ አለው። አንዲት ትንሽ የብሉቱዝ ተቀባይ እዚያ ትሰካለች፤ ድምፁ በኢቢሲ81 እና በኢኤል84 አልፎ በራሱ ስፒከር ይወጣል። አንድ ሽቦ አይነካም፣ አንድ ቀዳዳ አይበሳም። አሁን የሚሰማው እንደዚያ ነው። ቀን ከስልኩ ዘፈን፣ ማታ እማማ አጭር ሞገድ።

ያልነካሁት ነገር አለ። የጣቢያ መለያ ጥቅልሎቹን አላስተካከልኩም። ማዕከላቸው የሚዞር ጥቁር ዱቄት ብረት ነው፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ በካቻቢቴ ሲነካ ይሰበራል። ራዲዮው ጣቢያዎቹን በቦታቸው እስከያዘ ድረስ መንካት አያስፈልግም። አጭር ሞገድ ላይ ከተከፈተ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጣቢያው ትንሽ ይንሸራተታል፤ ሲሞቅ ይረጋል። እሱንም ተውኩት።

የመብራቱ ነገር ግን አሳስቦኛል። ቤቱ ውስጥ ሌሊት 230 ቮልት አካባቢ ለካሁ፤ ምሽት ላይ ከ200 በታች ይወርዳል። የራዲዮውን የቮልት መምረጫ 220 ላይ አድርጌ ስታቢላይዘር አስገባንለት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስታቢላይዘሩ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚለቀው፤ ይህም ለቲዩቦቹ ይበጃል።

ከውጭ የመጣው ኢኤል84 በወረቀት ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከኋላው ካርቶን ጥግ ላይ ታስሯል። አጠገቡ የቀየርኳቸውን ክፍሎች ልክ፣ የካቶዱን 7 ቮልት፣ የግሪዱን ዜሮ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ጠጋኝ ቲዩቡን ከመቀየሩ በፊት መጀመሪያ ግሪዱን እንዲለካ ከላይ በትልቁ ጽፌበታለሁ።